ስሟን ቀይሬ ያጋለጥኳት ሴት

"የለውጥ ታሪክ" የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ምራቄን እንትፍ ማለት ያምረኛል። መጀመሪያ የሰማሁት ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ በየሰዉ ፊት የታሸገ ውሃ፣ እስክሪብቶና ሦስት ሦስት ከረሜላ ተቀምጧል። የተጠራነው "ታሪክ ነጋሪዎችና ግብረ ሠናይ ድርጅቶች እንዴት በጋራ ይሥሩ" ለሚል የሁለት ቀን ስብሰባ ነበር። ታሪክ ነጋሪ የተባልነው እኔ፣ ሁለት የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊዎችና አንድ አዝማሪ ነን። እኔ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ አስተምራለሁ፤ አጫጭር ልቦለዶችም እጽፋለሁ። ከአራታችን ታሪክ መንገር በእውነት የሚችለው አዝማሪው ነበር፤ እሱን ግን ከሻይ በፊት "እስቲ አንድ በለን" ብለው አጫወቱትና ከሻይ በኋላ የት እንደገባ የጠየቀ የለም።

አስተባባሪዋ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቀልጣፋና ፊቷ ደግ የሆነ ሴት ናት። ንግግሯን "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" ብላ ስትጀምር አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ሳለች። ከቀስቱ ሥር "ሥቃይ"፣ መሐሉ ላይ የድርጅቱን ምልክት፣ ጫፉ ላይ "ተስፋ" ብላ ጻፈች።

"የሰው ሁሉ ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል" አለችን። "የእናንተ ሥራ ማስገባት ነው።"

መሳቅ ነበረብኝ። በድጓ መምህር ቤት ተወልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እየሮጥኩ አድጌ፣ የስንቱን ሰው ነገር ሲጠመዘዝና ሲቋጠር አይቼ፣ ሁሉም በአንድ ቀስት ላይ ይግባ ሲሉኝ መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅሁም፤ ቀስቱን ማስታወሻዬ ላይ ገለበጥኩት። ለምን እንደሆነ አልደብቅም። ለፈተና ብለው ከሚያነቡኝ ተማሪዎች ሌላ የሚሰማኝ ሰው ፈልጌ ነበር። "በገዛ ቋንቋችሁ፣ ለገዛ ሕዝባችሁ" ሲሉኝ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ለእኔ የደረሰችኝ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የምትኖር ሴት ነበረች። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን በድርጅቱ ማኪና ሄድን፤ ሹፌሩ፣ እኔና የድርጅቱ የመስክ ሠራተኛ። የመስክ ሠራተኛው መንገዱን ሙሉ "ተጠቃሚዋ" እያለ አደረቀኝ። ተጠቃሚዋ ፈቃደኛ ናት፣ ተጠቃሚዋ ጥሩ ተናጋሪ ናት፣ ተጠቃሚዋ ስታለቅስ አንጀት ትበላለች። ሰው ስም እያለው ምን ዓይነት አጠራር ነው ብዬ ጠላሁት፤ እኔም ግን ስሟን አልጠየቅሁትም።

ሴትዮዋ ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ረጅም፣ ሳቂታ ናት። ወንዶቹን ደጅ አስቀርተን ሁለታችን ሴቶቹ ገባን። አንጀት የሚበላ ልቅሶ ስጠብቅ እሷ እየሳቀች ጀመረችኝ።

ከአምስት ዓመት በፊት ምጥ ሦስት ቀን ያዛት። በቃሬዛ ተይዛ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ልጁ ሞቶ ነበር። እሷ ተረፈች፤ ሽንቷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልቆም አለ። ባሏ የሚያጥብላትን ጨርቅ ብትለዋውጥ፣ ውሃ ባትጠጣ፣ ጠበል ብትጠመቅ አልቆም አለ። ይህን ያወቁት ባሏ፣ እህቷና የንስሐ አባቷ ብቻ ናቸው። እንደዚያ ሆና ቤተ ክርስቲያን መግባት አትችልም፤ አለመግባቷን ደግሞ አገር ያያል። ስለዚህ ለጠየቃት ሁሉ "ቀኖና ላይ ነኝ" አለች።

ብልሃቷ አስደነቀኝ። የንስሐ አባት ለአንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ጹም፣ ስገድ፣ ከደጅ ቁም ብሎ ቀኖና ሲሰጠው፣ በምን ኃጢአት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። አራት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ነጠላዋን ተከናንባ ከቅጥሩ ውጭ፣ በሰሜኑ በር በኩል፣ መዳፏን የቅጥሩ ድንጋይ ላይ አሳርፋ ቅዳሴ ሰማች። ያን ጥግ የመረጠችው ነፋሱ ወደ ሰው ስለማይነፍስበት ነው። የሚያልፈውም "ምስኪን፣ ቀኖናዋ ከበደ" እያለ ያልፋል። በማርያም ጽዋ ማኅበሯ ተራ ሲደርሳት ጠላውን እሷ ትጠምቃለች፣ ዳቦውን እሷ ትጋግራለች፤ ማኅበርተኞቹን ግን እህቷ በራሷ ቤት ታስተናግዳለች።

ከዚያ በድርጅቱ እርዳታ ጎንደር ሆስፒታል ተኝታ ታከመችና ዳነች።

"ስነቃ አልጋው ደረቅ ነው" አለችኝ። "ብዳብስ፣ ብዳብስ ደረቅ። ነርሷ 'ምን ጠፋብሽ?' አለችኝ። 'ወንዙ ጠፋብኝ' አልኳት።"

ሁለታችንም እንባችን እስኪወጣ ሳቅን። ደጅ ያሉት ወንዶች ሳቃችንን ሰምተው ምን እንዳሉ እንጃ፤ ከቀስቱ ላይ ግን የሳቅ ቦታ አልነበረም።

አገሯ ስትመለስ "ቀኖናዬን ፈጸምኩ" ብላ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ሴቶቹ እልል አሉላት። አሁን የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ይኸውልሽ እቴ፣ ሽንቴ መቆሙ ሸጋ ነው። ዳንሁ የምል ግን ተራዬ ደርሶ፣ ማኅበሬ ከገዛ ቤቴ ተቀምጦ ጠላዬን ሲጠጣልኝ ነው" አለችኝ። ተራዋ ከሦስት ወር በኋላ ነበር።

ልሄድ ስል የመስክ ሠራተኛው ቅጽና የቀለም ሳጥን ይዞ ገባ። ቅጹ ላይ ስሟና የቀበሌዋ ስም እንደሚቀየር ተጽፏል። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ከማሳረፏ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

"እዚህ አገር እንዳይሰማ። ለሌላ አገር ሴት ይጠቅም እንደሁ ይሰማ፤ እዚህ ግን እንዳይሰማ።"

"እኔ አለሁ፤ አይሰማም" አልኳት። እሱን ሳይሆን እኔን አምና ፈረመች።

ይህን ለአስተባባሪዋ በስልክ ነገርኳት። "አታስቢ፣ ይሄ ለውጭ ለጋሾች ነው" አለችኝ። በጽሑፍ አድርጊልኝ አላልኳትም። በማግሥቱ መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስልክላት በቀይ አስምራ መለሰችልኝ። ወንዙ የጠፋበት ቀልድ ወጥቷል፤ "ሥቃዩን ያቀልለዋል" ይላል ማስታወሻው። ባሏ ጨርቅ የሚያጥብላት ቦታ ወጥቷል፤ "ድጋፍ የሌላት ብትሆን ይሻላል" ይላል። የቅጥሩ ቦታ ላይ ግን "አለቀስኩ!! እባክሽ አስፊው" ብላለች። ቀልዱ ሲወጣ ተናደድኩ፣ የባልዬው ነገር ሲወጣ ተሳደብኩ፤ የቅጥሩ ጊዜ ግን ክንፍ አውጥቼ በረርኩ። አንድ ገጽ የነበረውን ሦስት ገጽ አደረግሁት። የሰሜኑን በር፣ በቅጥሩ ላይ የበቀለውን የድንጋይ ሽበት፣ መዳፏን፣ ከውስጥ የሚወጣውን ዜማ፣ ቀኖና ላይ ነኝ እያለች የዋሸችውን ውሸት፣ ሁሉንም አስገባሁ። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ እሱ ነው። ይህን ስናገር ራሴን እጸየፋለሁ፤ ግን እውነት ነው።

አባቴ ፀዳ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ይውላል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ንቁ ነው። አንብቤለት ሳበቃ እንዲያመሰግነኝ ጠበቅሁ።

"ደብሩ ስንት በር አለው?" አለኝ።

"ሦስት መሰለኝ።"

"ከአንዱ በር ውጭ አራት ዓመት በቀኖና የተቀመጠ ሰው ስንት ይኖራል?"

"ስሟ ተቀይሯል እኮ አባዬ። የሚሰሙትም ውጭ አገር ያሉ ናቸው።"

"ካፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ" አለና ፊቱን ወደ ፀሐዩ አዞረ። ሽማግሌ ስለሆነ ይፈራል ብዬ አለፍኩት። ወረቀት ላይ ስም ከተቀየረ ሰው የሚጠፋ የሚመስለው ቢሮ ላደገ ሰው ነው። እኔ በደብር ግቢ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማን የት ዓምድ ሥር እንደሚቆም፣ የማን ወንበር የት እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ የምናገር ሰው። ባላገር ሴት በተቀመጠችበት ድንጋይ እንደምትታወቅ ለማወቅ መምህር አያስፈልገኝም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ከአስተባባሪዋ የቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። ታሪኩ በድምፅ ድራማ ተሠርቶ፣ በማኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ በየገበያው ሊሰማ ነው። "የማኅበረሰብ ግንዛቤ" የሚባል ምዕራፍ እንደተጨመረ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከገበያዎቹ ዝርዝር ሦስተኛው ትክል ድንጋይ ይላል። "ስሟ ተቀይሯል አይደል?" ብዬ ጻፍኩላት። የአውራ ጣት ምስል ላከችልኝ።

መደወል እችል ነበር። ቢሯቸው ከነበርኩበት በእግር አሥር ደቂቃ አይሆንም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ክፍል ሄድኩ። የባሰውን ልንገራችሁ፤ የገበያው ዕለት "አሁን እየሰሙት ይሆናል" ብዬ ደስ ብሎኛል። የእኔን ዓረፍተ ነገር ድንች የምትሸጥ ሴት ቆማ ስትሰማው ይታየኝ ነበር።

የመስክ ሠራተኛው ማታውን ደወለልኝ። "ምን ልበልሽ፣ ገበያው ጸጥ አለ! ሴቶቹ እርስ በርስ ይያያሉ። አንዷማ ምን ያህል እንደነካት፣ የገዛችውን ሽንኩርት መሬት ላይ ጥላ ሄደች።" ይህ በሪፖርቱ ውስጥ "ጥልቅ ስሜታዊ ተጽዕኖ" ተብሎ ገብቷል። በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ሽንኩርቷን ጥላ የሄደችው እሷ ራሷ ነበረች።

ያን የነገረችኝ እህቷ ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎንደር ድረስ መጥታ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠበቀችኝ። ከሷ ጋር ተዋውቀን አናውቅም፤ ቁመቷን ሳይ ግን ማን እንደሆነች ገባኝ። ሰላምታዬን አልመለሰችም።

"ምነው እቴ? ምን አረግንሽ?" አለችኝ። "ስሟን ቀየርሽ። ቅጥሩንስ ምነው አልቀየርሽ? ድራማው ሳያልቅ ገበያው ሁሉ ዞሮ አያት።"

"አላሰብኩም" አልኩ።

"አሁን ሴቱ ሁሉ የሚቆጥር ሆኗል። በዚያ ወር የጠጣነው ጠላ የማን እጅ የጠመቀው ነበር ይላል። 'በማርያም ስም ዋሸችን፣ ከነቆሻሻዋ አጠጣችን' ይላሉ። የንስሐ አባቷ ቄሱ 'እኔ አውቅ ነበር' ብለው ቢቆሙላት፣ እርሳቸውንም ደርበው አሟቸው። እሷ ከቤት አትወጣም። ተራዋ የፊታችን ሃያ አንድ ነው፤ አስቀርቼ በኔ ቤት ላርገው ብላት እንቢ አለች። መጥተሽ እይው።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። እየጮኽኩ ነው የገባሁት። አስተባባሪዋ በሩን ዘጋች፣ ውሃ ቀዳችልኝ፣ እጄን ይዛ እስክጨርስ ሰማችኝ። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር፤ የውሸት እንባም አልነበረም።

"ታውቂያለሽ፣ ይሄ ራሱ እኮ ታሪክ ነው" አለች። "መገለል። ከዳነች በኋላ እንኳን መገለል። ጠላዋን ሳይጠጡላት ሲቀሩ በምስል ብናስቀረው፣ ፊቷን ሸፍነን፣ በጣም ጠንካራ ሁለተኛ ክፍል ይሆናል። አንቺ ብትጽፊው ደግሞ..."

ምራቄ አፌን ሞላው። የቀዳችልኝን ውሃ ሳልነካው ተነሣሁ። ከኋላዬ "ስሜታዊ ሆነሻል፣ ዕረፍት ውሰጂ" ስትል ሰማሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ግን የጠላሁት እሷን ብቻ አልነበረም። "በምስል ብናስቀረው" ስትል ካሜራ ባነሣ እጄ ይቆረጥ ብዬ ነበር፤ "ብትጽፊው" ስትል ግን ልቤ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ነበር። እኔም ያው ነኝ። የእነሱ ቀስት ወረቀት ላይ ነው፣ የእኔ እጄ ውስጥ ነው።

በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ በሚኒባስ ብቻዬን ሄድኩ። ካሜራ የለ፣ ማስታወሻ የለ።

ቤቱ ተጠርጎ፣ መደቡ ላይ አዲስ አጎዛ ተነጥፎበት ጠበቀኝ። ሴትዮዋ ቀሚሷን አጥባ ለብሳለች። አይታኝ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም፤ "ግቢ" አለችና ከበሩ አጠገብ ያለውን በርጩማ አመለከተችኝ። ባሏ ጥግ ላይ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጥቷል።

ማኅበርተኞቹ ሁሉም መጡ። አንዷም አልቀረችም፤ ጽዋ መቅረት በማርያም መቅረት ነው። ሲገቡ ሳሟት፣ በየቦታቸው ተቀመጡ። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ ጽዋውን ባረኩ። ከዚያ እሷ ጠላውን በጣሳ እየቀዳች ዞረች። ስትሰጣቸው ሁሉም ብድግ እያሉ፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። እንደዚያ ዓይነት አክብሮት አይቼ አላውቅም።

ከንፈራቸውን አስነኩት። ከዚያ ጣሳውን እግራቸው አጠገብ፣ መሬት ላይ አስቀመጡት።

ቄሱ ጨልጠው "ድገሚኝ" አሉ። እህቷ ጠጣች። ሌላው ጣሳ ግን በነበረበት ነው። ክፉ የተናገረች የለችም። "ሆዴን አሞኝ ሰንብቷል፣ አይክፋሽ" አለች አንዷ። "መድኃኒት ይዣለሁ" አለች ሌላዋ። አንዲት አሮጊት ዝናብ ስለመዘግየቱ ብዙ አወሩ። ዳቦውን የያዙት ሴቶች ቆንጥረው ሳይቀምሱት በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አየሁ። ሴትዮዋ ደጋግማ "ጠጡ እንጂ፣ ምነው" አለቻቸው፤ መጀመሪያ እንደ አስተናጋጅ፣ ኋላ እንደ ለማኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስትል ባሏ ወጥቶ ደጅ ቆመ። ብነሣና ፊታቸው ላይ ብደፋው ብዬ አሰብኩ፤ ግን የነሱን መጸየፍ ማን አስተማራቸው? አራት ዓመት ምስኪን ሲሏት የነበሩትን እነዚህኑ ሴቶች አፍንጫቸውን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ፤ ያውም በጥሩ አማርኛ።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ሁሉም ተነሡ። "ማርያም ትስጥሽ፣ ለዓመቱ ያድርሰን" ብለው መርቀዋት፣ ስመዋት ወጡ። ቄሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከተሉ። እህቷ ልትሸኛቸው ወጣች።

ቤት ውስጥ እኔና እሷ ቀረን፤ በየመቀመጫው ሥር ደግሞ እስከ አፉ የሞላ ጣሳ። አንድ በአንድ ጎንበስ እያለች ማንሣት ጀመረች። የመጀመሪያውን ወደ እኔ ዘረጋችው፤ ልትሰጠኝ ይሁን ልታሳየኝ አላወቅሁም። ተቀበልኩ። ወደ አፌ ሳስጠጋው፣ ከመጠጣቴ በፊት፣ አሸተትኩት። ሳላስበው ነው፤ ለአንዲት አፍታ ብቻ ነው። እሷ ግን አፍንጫዬን እያየች ነበር።

ሳልተነፍስ ጨለጥኩት። ጥሩ ጠላ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ጌሾው የበረታ። "ድገሚኝ" ብዬ ጣሳውን ዘረጋሁላት።

አልቀዳችልኝም። ጣሳውን ከእጄ ወሰደችና እህቷ ከጠጣችበት ባዶ ጣሳ ላይ ደረበችው።

"ላንቺ አልጠመቅሁትም እቴ" አለችኝ።